የአቶ አካሉ ወልደ ሐዋርያት ዘጠኝ ኮምፒውተሮች

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድር አባላት፣ ከሐይቁ ማዶም ከከተማውም ለሽኝት የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ይህ በታናሽ ወንድማቸው በአቶ አስማማው የሚነበብላችሁ የአቶ አካሉ ወልደ ሐዋርያት የሕይወት ታሪክ ነው።

አቶ አካሉ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ የብርጓል ተሰማ በ1950 ዓ.ም. በጣና ዳርቻ በቁንዝላ ተወለዱ። ፊደሉንና ዳዊቱን በአባታቸው እግር ሥር ከዘለቁ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ጀምረው፣ ለሁለተኛ ደረጃ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ተሻግረው፣ በኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነው ተመርቀዋል። መሪጌታ “ልጄ ቅኔውን ትቶ ሽቦ ያዘ” እያሉ ለብዙ ጊዜ ቅር ቢሰኙም፣ የደብሩን ድምፅ ማጉያ የጠገኑላቸው ዕለት መርቀዋቸዋል።

በ1971 ዓ.ም. በባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ጥገና ተቀጥረው፣ በጡረታ እስከተሰናበቱበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በዚያው አገልግለዋል። በ1979 ዓ.ም. ከነርስ እናትዓለም ፈንቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኪሩቤልንና ቃልኪዳንን ወልደዋል።

የኮምፒውተር ፍቅራቸው የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ፋብሪካው ያረጁ ኮምፒውተሮችን ሲያስወግድ፣ አስፈቅደው ሦስት የሞቱ ማሽኖችን በባጃጅ ጭነው ቤት ባመጡ ዕለት ነው። የአንዱን ሆድ ዕቃ ለሌላው እየሰጡ፣ ከሦስቱ አንድ አስነሡ። አንድ የኮሌጅ መምህር ሊኑክስ የሚባለውን፣ ባረጀ ማሽን ላይ ሳይከብድ የሚሠራውን፣ ማንም ከፍቶ ሊያየውና ሊያስተካክለው የተፈቀደውን ፕሮግራም በሲዲ ከሰጧቸው ወዲህ ደግሞ፣ ሳሎኑ በካቻቢቴና በሽቦ ተሞልቶ፣ ወይዘሮ እናትዓለም “አካሉ፣ እንግዳ ሲመጣ የት ላስቀምጠው?” ሲሏቸው፣ “ይችን ብቻ ልጨርስ” የሚል መልስ ለአሥራ ስምንት ዓመት ሰጥተዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ፍቅር ከደስታው ብስጭቱ ይበዛ ነበር። ልጃቸው ኪሩቤል ከውጭ አገር የላከላቸው፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ኮምፒውተር ከአንድ መሥሪያ ቤት ሳትወጣ አራት ወር ቆይታለች፤ ዕቃውን የያዙት ሠራተኛ “ስክሪን የለው፣ የፊደል ገበታ የለው፣ በምኑ ነው ኮምፒውተር የሚሆነው?” እያሉ ይመልሷቸው ነበር። በመጨረሻ ደርሳ ስትሠራም፣ መብራት በሄደ ቁጥር የጫኑባት ሁሉ እየጠፋ፣ ሀ ብለው እንደገና ይጀምሩ ነበር።

ከጡረታ በኋላ የነበራቸው ሐሳብ አንድ ነበር፤ የኮምፒውተር ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሥዕል ብቻ ለሚማሩ የገጠር ልጆች እውነተኛውን ማሽን ማድረስ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ኮምፒውተሮችን ከውዳቂና ከትንንሽ ማሽኖች ገጣጥመው፣ ሣጥናቸውን ከኮምፔንሳቶ ሠርተው፣ በአማርኛ የሚጽፉ አድርገው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበቡ መጻሕፍት ጭነውባቸው፣ በ2012 ዓ.ም. ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ከመኪና እያወረዱ በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው አስረከቡ። የርክክቡ ቅጽ ግን የአምራች ድርጅት ስምና የሞዴል ቁጥር ይጠይቅ ነበር። እርሳቸውም በአምራቹ ቦታ “አካሉ ወልደ ሐዋርያት፣ ባሕር ዳር” ብለው ሞሉ። ቅጹ ተመለሰ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ተመለሰ። አረጋግጡ የተባሉት ባለሙያ መጥተው አንዱን ከፍተው “ይህ ዊንዶውስ አይደለም” ብለው ጽፈው ሄዱ፤ ኮምፒውተሮቹም መጋዘን ገብተው ተቆለፈባቸው። አቶ አካሉ ያን የተቦዳደሰ መንገድ ስድስት ጊዜ ተመላልሰው፣ አንድ ጊዜ ኮሚቴው አልተሟላም፣ ሌላ ጊዜ ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ናቸው ተባሉ። በሁለተኛው ክረምት ማግሥት መጋዘኑ ሲከፈት፣ ጣሪያው አፍስሶ አራቱ በስብሰው ተገኙ።

ያን ቀን አብረዋቸው የነበሩት ወንድማቸው እንደሚያስታውሱት፣ አቶ አካሉ የበሰበሰውን ሣጥን በመሐረባቸው እየጠረጉ፣ “አስማማው፣ ማሽን ሲበላሽ ፈልጌ ፈልጌ ምክንያቱን አገኛለሁ። ይኼን ግን ከየት ልጀምረው?” አሉ።

በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታሞ እጥበት ጀመሩ። ከእጥበት በተረፏቸው ቀናት የዳኑትንና ወደ ቤታቸው የመለሷቸውን አምስት ኮምፒውተሮች እንደገና ፈትተው አደሱ። መምህርት ትንቢት የተባሉ፣ በባሕር ዳር ዳርቻ በዘንዘልማ የሚኖሩ ጎረቤታቸው ነገሩን ሰምተው፣ የአካባቢውን ደብር አገልጋይ ቄስ ሣህሉን አነጋግረው የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ አስፈቀዱላቸው፤ ቄሱም ቅጽ አልጠየቁም። በ2016 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ አምስቱም ተከፈቱ። ወለላ የተባለች ልጅ ስሟንና “ሐይቅ” የሚለውን ቃል ጻፈች፤ “ሐይቅ”ን በሃሌታው “ሀ” ብትጽፈው፣ አቶ አካሉ ከወንበራቸው ተነሥተው “በሐመሩ ሐ ነው፣ ልጄ” ብለው አረሟት። የመሪጌታ ልጅ መሆናቸው ያን ጊዜ ታየ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ከዚያ ወዲህ አቅም አጥተው አዳራሹን ዳግም አላዩትም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትዓለም ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ፣ “ደስ ብሏቸው ኖሩ ብቻ ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ የተንገላቱትንም አንብቡልኝ” ብለዋል። ስለ ጠፉት አራት ኮምፒውተሮች አቶ አካሉ ያስገቡት ማመልከቻም እስከ ዛሬ መልስ እንዳላገኘ በዚህ እንዲነገር ጠይቀዋል። እነሆ ተነግሯል።

አቶ አካሉ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ እናትዓለምን፣ ልጆቻቸውን ኪሩቤልንና ቃልኪዳንን፣ የልጅ ልጃቸውን ምሥጋናን፣ ወንድማቸውን አቶ አስማማውን፣ እንዲሁም በየቅዳሜው ወደ አዳራሹ የሚመጡትን የዘንዘልማ ልጆች ትተው ሄደዋል። የልባቸውን ቅንነት ያለ ማስረጃ የሚያውቅ አምላክ፣ ሳያመላልስ ተቀብሎ ነፍሳቸውን ከአባቶቻቸው ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።