የጊዮርጊስ ዕለት የታረሰው መሬት

በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን፣ አቶ ተረፈ ለነገው የጊዮርጊስ ማኅበር የሚታረድ ሙክት እየጎተቱ ከወለጋው የኡኬ ገበያ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ መምህር ጨመዳን ሞፈር ተሸክሞ መንገድ ላይ አገኙት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎታል። አቶ ተረፈ በስድሳ ዓመት ዕድሜያቸው የተማረ ሰው ሞፈር ሲሸከም አይተው አያውቁም፤ ሰው ልጁን ተማሪ ቤት የሚሰደው ከዚህ እንዲያመልጥ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

«አካም ኦልታኒ፣ ኦቦ ተረፈ?» ሲል ጨመዳ ጎንበስ ብሎ እንዴት እንደዋሉ በኦሮምኛ ጠየቃቸው።

«ፈያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ደመወዝ ከለከሉህ እንዴ?»

ጨመዳ ሳቀና ነገሩን አስረዳቸው። እርሱና የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ከወሎ ተሰደው እዚህ ድረስ ለመጡት ረሃብተኞች በቆሎ ሊዘሩ ተነሥተዋል። ኩማ የሚባል ገበሬ ጦም ያደረ መሬቱን ሰጥቷቸዋል፤ ዘሩም ተገኝቷል። ሁለት ሳምንት በዶማ ቢቆፍሩም ሩቡን እንኳ አላደረሱም። የቸገራቸው በሬ ነው። በዚህ ወር ሁሉም የራሱን ስለሚያርስ፣ በሬ ሥራ ፈትቶ የሚውለው በበዓል ቀን ብቻ ነው። ይህ ሳምንት ካለፈ ደግሞ በቆሎው አይደርስም።

«ነገ ሁለቱን ጥማድዎን እንዲያውሱን ልለምንዎ እየመጣሁ ነበር» አለ።

«ነገ ጊዮርጊስ መሆኑን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም፤ ነገን የመረጥነውም ስለዚሁ ነው።»

የአቶ ተረፈ ፊት ተለዋወጠ። «እናንተ የሚስዮን ልጆች በዓል የላችሁም። የእኛ አባቶች ግን ከጎጃም ሲመጡ ታቦታቸውን ይዘው ነው የመጡት። በጊዮርጊስ ያረሰ ሰው በሬው ይሰበርበታል። ድኻውንም ቢሆን አልረሳነውም፤ ማኅበራችን በየወሩ ያበላዋል።»

ይህን ጊዜ ጨመዳ ሞፈሩን አወረደ።

«ኦቦ፣ ቢቆጡኝም ይህን ሳልናገር አልሄድም። ማኅበርዎ የሚያበላው ማንን ነው? ባለፈው ወር በጊዮርጊስ ዕለት የድግሱ ተራ በደረሳቸው በአቶ ባቻ በር አልፌ ነበር። ውስጥ ሲበሉ የነበሩት ጎተራቸው የሞላ ሰዎች ናቸው። ውጭ ደግሞ ዓባይን ተሻግራ የመጣች አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከጥዋት ጀምሮ ቆማለች፤ በዘጠኝ ሰዓት ስመለስም እዚያው ነበረች። እናንተ ጠግባችሁ ስትወጡ ለእርሷ የደረሳት የጠላ አተላ ነው። አተላ ለከብት ነበር የማውቀው። እርሷ ግን ጠጣችው፤ ለልጇም አጠጣችው።»

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ አቶ ተረፈ ናቸው። ያን ዕለት «ማኅበርተኛው ሳይጠግብ ለውጭ ሰው ምንም አይውጣ» ብለው ያዘዙትም እርሳቸው ነበሩ፤ ደንቡ ነዋ። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ጠባቂው ግን ብዛቱ! ዝክሩ ለነዳያን ነው እየተባለ፣ ነዳያን በር ላይ ቆመው የሰው ግሳት ሲሰሙ ይውላሉ። ከዚህ የባሰ በዓል መሻር ካለ ይነገረን።

«ነገ ከበሬዎችዎ አንዱ ገደል ቢገባ፣ በዓል ነው ብለው ይተዉታል?» ሲል ጨመዳ ጠየቀ።

«ለምን እተወዋለሁ? አገሩን ጠርቼ አወጣዋለሁ እንጂ።»

«እንግዲህ ወንጌሉ የእርስዎም የእኔም ነው። በሬን ከገደል ማውጣት ከተፈቀደ፣ በበሬ ሰውን ከሞት ማውጣት እንዴት ይከለከላል?»

አቶ ተረፈ መጀመሪያ በልጁ ተናደዱ፤ ቀጥሎ ንዴቱ ወደ ራሳቸው ዞረ። «በሬዎቹን ጎህ ሲቀድ አመጣለሁ» አሉ። «አራሹ ግን እኔ ነኝ። አንተ ሞፈሩን የተሸከምከው እንኳ ገልብጠህ ነው።»

በማግስቱ ማኅበርተኞቹ ከአቶ ተረፈ ቤት ሲደርሱ ሰው አጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋጌጥ ሌሊቱን ሲያጉረመርሙ ቢያድሩም፣ ዳቦውን፣ ወጡንና ጠላውን አስጭነው ረሃብተኞቹ ወደተሰበሰቡበት እርሻ ዳር ወርደው ነበር። ማኅበርተኞቹም እየተቆጡ ተከተሉ። አቶ ባቻ ቀድመው፣ «ሙሴያችን፣ ሰማዕቱን ሻሩት?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ተረፈ እርፉን አልለቀቁም። «ዝክሩ ይኸው እዚህ ነው። ዛሬ አስቀድመው የሚበሉት እነዚህ የተራቡት ናቸው፤ እኛ የተረፈውን እንበላለን። ያልወደደ ይሂድ» አሉ።

ሦስት ሰዎች ሄዱ፤ የቀሩት ተቀመጡ። ከቀትር በኋላ ግን ከሄዱት አንዱ የሆኑት አቶ ባቻ የራሳቸውን ጥማድ ነድተው መጡ። ከወሎ የመጡት ገበሬዎችም፣ ትንሽ ቀምሰው ጉልበታቸው ሲመለስ፣ እርፉን እየተቀባበሉ አረሱ።

በመስከረም ስድሳ ነፍስ ከዚያ መሬት እሸት በላ። በኅዳር በቆሎው ሲሰበሰብ በር ለበር የሚለምን ጠፋ፤ የራሳቸውን ላብ በልተዋልና አንገታቸውን ደፍተው አልሄዱም። ወደ አገራቸው የተመለሱትም ዘር ይዘው ተመለሱ። ሰላምታ ይነፋፈጉ የነበሩት የሚስዮንና የታቦት ሰዎች በአንድ ትልም ዋሉ፤ የማንም በሬ አልተሰበረም። ማኅበሩም ከዚያ ወዲህ የሚከራከረው በየወሩ ለድኻ እርሻ የማን ጥማድ ይቅደም በማለት ነው።

መልካም ክርክር ነው። እዚህ ለመድረስ ግን አንዲት እናት ለልጇ አተላ እስክታጠጣ መጠበቅ አልነበረብንም።