ማንም ያላነሣው ስልክ

የምስክር ስም፦ እስከዳር የሽዋስ ውበቱ
ዕድሜ፦ 36
ጾታ፦ ሴት
ሥራ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት
አድራሻ፦ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ቀበሌ 04
ቃል የሰጡበት ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 4፡00 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን መሳፍንት ይታያል
ጉዳዩ፦ በጸጋው የሽዋስ ላይ የተፈጸመ እገታ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከዚህ በላይ የሰፈረው ምስክር፣ በቁጥጥር ሥር የዋሉትን ሁለት ተጠርጣሪዎች በመልክም በስምም አላውቃቸውም። የግል ተበዳዩ ጸጋው የሽዋስ የእናቴና የአባቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዛሬ የተጠራሁት ተጠርጣሪዎቹም ሆኑ ራሱ ወንድሜ በሰጡት ቃል፣ በእገታው ጊዜ ወደ ቤተሰቡ የቤት ስልክ በተደጋጋሚ ተደውሎ ስልኩ ይነሣ እንደነበር፣ ያነሣው ሰው ግን አንድም ቃል ሳይመልስ ዝም ይል እንደነበር በመግለጻቸው ነው። ስልኩን ያነሣው ማን እንደሆነና ለምን ዝም እንዳለ በመርማሪው ተጠይቄ የማውቀውን እንደሚከተለው እናገራለሁ።

ጸጋው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በቁይ አካባቢ ከብት ሲከትብ ሰንብቶ በሚኒባስ ወደ ደብረ ማርቆስ እየተመለሰ ሳለ ሳይደርስ ቀረ። ሞባይሉ ጥሪ አይቀበልም ነበር። ዝናቡ መንገድ ዘግቶባቸው ይሆናል ብለን አደርን። በማግስቱ ረፋድ ላይ ወ/ሮ አመተ ሥላሴ የተባሉ የዲማ አካባቢ ነዋሪ በራችንን አንኳኩ። ከወንድሜ ጋር በአንድ መኪና ተሳፍረው እንደነበር፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መኪናውን አስቁመው ሴቶቹንና ሽማግሌዎቹን ሲለቁ ሦስት ወንዶችን ይዘው ወደ ቆላው እንደወረዱ ነገሩን። ሰዎቹ በስልኩ ክትትል እንዳይደረግባቸው ፈርተው የታጋቾቹን ሞባይሎች በድንጋይ ቀጥቅጠዋል። ከዚያም እያንዳንዱን የቤተሰቡን ስልክ ቁጥር ጠይቀዋል። ወ/ሮ አመተ ሥላሴ ለአባቴ «ልጅዎ ከድንጋጤው የተነሣ ሌላ ቁጥር ሁሉ ጠፋበት። የቤታችሁን ግን እንደ ዳዊት ደገመላቸው» አሏቸው። ለሕግ ብትናገሩ ሬሳውን ትቀበላላችሁ የሚል መልእክትም አድርሰውናል። ወዲያው ለፖሊስ ያላመለከትነው በዚህ ምክንያት መሆኑን አልደብቅም።

የቤታችን ስልክ አባቴ አቶ የሽዋስ ውበቱ በመንገድ ሥራ ግሬደር ይነዱ በነበረበት ዘመን የገባ ነው። እርሳቸው ለሥራ ወራት ከቤት ስለሚርቁ፣ ብንጠፋም ብንቸገርም እንድንደውል ቁጥሩን እኔንና ጸጋውን በልጅነታችን በቃል አስጠንተውናል። በቅርብ ዓመታት ማንም አይደውልበትም ነበር። ያልተቋረጠው ኢንተርኔት በዚያው ሽቦ ስለሚመጣ ብቻ ነው። ሽቦው ሳሎን ካለው የስልክ ሶኬት ተነሥቶ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ አባቴ መኝታ ቤት፣ ሌላው ወደ ጸጋው ክፍል ይሄዳል።

አባቴ ሴትዮዋን ከሸኙ በኋላ ወንበራቸውን ስልኩ አጠገብ አስጠግተው ተቀመጡ። ቀትር ካለፈ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ጩኸቱ ግን አንድ ጊዜ እንኳ የሞላ አልነበረም፤ ጀምሮ ቀጥ አለ። አባቴ ቢያነሡት እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ እንጂ የሰው ድምፅ የለም። ጥቂት ቆይቶ እንደዚያው ጮኾ አሁንም ዝም አለ። በዚህ ጊዜ ዘለው አነሡትና «ጸጋው! ጸጋው!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። የሚመልስላቸው አልነበረም። እጀታውን ከእጃቸው እስክወስድባቸው ድረስ ለሹሹታው ሲጣሩ ቆዩ።

እኔ የማስተምረው ኮምፒውተር ነው፤ ስለ ስልክ ሽቦ የማውቀው ጥቂት ነው። ብልሽቱን ለመለየት ከራሴ ሞባይል ወደ ቤቱ ቁጥር ደወልሁ። ሳሎን ያለው ስልክ ግማሽ ጩኸት ጮኾ ቆመ። እጀታው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ አባቴም አልነኩትም፤ ዐይኔ እያየ ነው። በሞባይሌ ላይ ግን ጥሪው ተነሥቶ ሰከንድ ይቆጥር ነበር። ጆሮዬ ላይ ባደርገው ያው የሚንሿሿ ድምፅ ይሰማኛል። ማንም ሳያነሣው ስልኩ ተነሥቶ ነበር። ወንድሜን የያዙት ሰዎች በደወሉ ቁጥር የሚሰሙት ይህንኑ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ለአባቴ ወዲያው ልነግራቸው አልደፈርሁም።

ብልሽቱ ከኢንተርኔቱ ዕቃ ይሆናል ብዬ ሞደሙንና መስመሩን ለሁለት የሚከፍለውን ስፕሊተር ነቀልሁ። ስልኩን ብቻውን ሶኬቱ ላይ ሰክቼ እንደገና ደወልሁ፤ ለውጥ የለውም። ሶኬቱን ፈትቼ ወደ መኝታ ቤቶቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች ላላቅቅ ስል አባቴ እጄን ያዙኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አባባ፣ ካልለየሁት ችግሩን አላገኘውም» አልኋቸው።

«ለያይተሽው ሳለ ቢደውልስ? አሁንስ አንቺ በሞባይልሽ ስትደውይ እሱ መስመር ተይዞበት ቢሆንስ?»

የተናገሩት ትክክል ነበር። ለመጠገን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ እንዳልቆርጠው ደግሞ የወንድሜ ድምፅ የሚመጣው በዚያው ሽቦ ብቻ ነው። መፍቻውን አስቀመጥሁ። አባቴ መሰኪያውን እንዳይወልቅ በሁለት እጃቸው ግድግዳው ላይ ደግፈው ያዙት። ስልኩ እስኪመሽ ድረስ ሌላ ሁለት ጊዜ በግማሹ ጮኾ ዝም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ተሰለፍሁ። ከፊቴ የቆሙት ኢንተርኔት ዘገመብን የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ወንድሜ ታግቷል ብዬ በሰው ፊት መናገር ስላልቻልሁ እኔም የቤት ስልክ ተበላሽቶብን ነው ብዬ ተራዬን ጠበቅሁ። ሠራተኛዋ በትሕትና መዘገበችኝ። ለምን እንደማለቅስ ስትጠይቀኝ የስልኩን ቁጥር ደገምሁላት። እኩለ ቀን ሳይሆን ጥሩሰው የተባለ የጥገና ሠራተኛ በዝናብ እየበሰበሰ መጣ።

ጥሩሰው ሽቦው ከውጭ የሚገባበትን፣ ከበረንዳው ግድግዳ ላይ ያለውን ትንሽ ሳጥን ከፍቶ በራሱ መሞከሪያ ስልክ አዳመጠ። «እስከዚህ ንጹሕ ነው። የተበላሸው ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ የቤቱን ሽቦ በሙሉ ላላቅቀው» አለ። አባቴ በሩ ላይ ቆመው አይሆንም አሉ። ምክንያቱን ግን አልነገሩትም። ጥሩሰው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ቢያይ እኔም ዐይኔን ሰበርሁ። ትንሽ አሰበና «እንግዲያውስ ጋሼ፣ ስልኩን ወደዚህ ያምጡልኝና እዚሁ ሳጥኑ ላይ ላገናኝልዎ። እኔ ውስጥ ስፈልግ እርስዎ ከስልክዎ አይለዩም» አላቸው። ስልኩ በረንዳ ላይ ዱካ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው አጠገቡ ተቀመጡ። ከሞባይሌ ብደውል ጥርት ብሎ ጮኸ፤ አባቴ ሲያነሡትም ድምፃቸው ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ከወንድሜ መጥፋት ወዲህ እፎይ ያልሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጥሩሰው ብልሽቱን ያገኘው በጸጋው ክፍል፣ ከአልጋው ራስጌ በስተጀርባ ነው። የጣራው ቆርቆሮ አፍስሶ ውኃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ ሶኬቱ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። «ውኃው ሁለቱን ሽቦዎች አነካክቷቸዋል። ጥሪ በመጣ ቁጥር ማዕከሉ ሰው ያነሣው ይመስለዋል። የሚደውለው ሰው፣ አንሥተው ዘጉኝ ሳይሆን አንሥተው ዝም አሉኝ ነው የሚላችሁ» አለና ፈገግ አለ። «ማን ተቀየማችሁ?» ብሎ ጠየቀን። አባቴ በዚህ ጊዜ የሆነውን ሁሉ ነገሩት። ጥሩሰው ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። የዕቃ ቦርሳውን መሬት ላይ አድርጎ እኛው ዘንድ ቀረ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። አባቴ አነሡ፤ እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። የወንድ ድምፅ «ዛሬ አፍ አወጣህ፣ ሽማግሌ?» አለ።

«ልጄ አለ? ስልኩ ተበላሽቶብን ነው እንጂ...»

«ስልኩማ ይነሣል። ሰምተናል። ልጅህ ራሱ ለምኖሃል። ዝም አልኸው።»

«አልሰማሁም! በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ አልሰማሁም። አገናኘኝና ልንገረው።»

ሰውየው ከአጠገቡ ካለ ሰው ጋር ሲነጋገር ተሰማን። ተመልሶ «ካንተ ጋር የምነጋገረው የለኝም ብሏል» አለ።

አባቴ «እሱ ነው ይህን ያለው? በራሱ አፍ?» ብለው ጠየቁ። ስልኩ ተዘጋ። ስለሚፈልጉት ነገር አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲህም አልደወሉም። በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደዚህ ጣቢያ መጥቼ ያመለከትሁት እኔ ነኝ።

በጳጉሜን ወር መጀመሪያ ወንድሜ ከሁለቱ ታጋቾች ጋር አጋቾቹ ሰፈር ሲለውጡ ጥለዋቸው ስለሸሹ ነጻ ወጣ። በእግሩ እያነከሰ መንገድ ድረስ ወጥቶ በጭነት መኪና ሉማሜ ገባ። ከሉማሜ የደወለው ግን ወደ እኛ አይደለም። ዘመነ ወደሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛው ደውሎ እዚያው ሉማሜ ቤቱ ገብቶ አደረ፤ መኖሩን የነገረንም ዘመነ ነው። ከአባቴ ጋር ሄድን። አባቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ጸጋው እጆቹን ወደ ታች እንደለቀቀ ቆመ እንጂ አላቀፋቸውም። ስለ ስልኩ ሊያስረዱት ሲጀምሩ «ይተዉት አባባ፣ አልፏል» አላቸው። እዚያው ዘመነ ዘንድ ቀረ፤ እስከ ዛሬም የሚኖረው እዚያ ነው።

ኋላ ለብቻችን ስንሆን በስልኩ የተናገረውን ነገረኝ። መጀመሪያ «አባባ፣ እግሬን መትተውኛል፤ የሚሉትን ይስሟቸው» ብሏል። በሚቀጥለው «አባባ፣ ምንም ባይኖርዎ አለሁ ብቻ ይበሉኝ» ብሏል። ሰዎቹ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርገው ዝምታውን አብረውት እንዳዳመጡና እንደሳቁበት ነገረኝ። ስለ ሶኬቱ አስረዳሁት። አዳመጠኝ፤ አላመነኝም።

ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ በግድ ለምኜ ወደ ቤት አመጣሁት። ጥሩሰው አውጥቶ የተወልኝን የዛገውን ሶኬት በነበረበት ቦታ መልሼ ገጠምሁት። ከዚያም «በራስህ ስልክ ደውል፤ ሳናነሣው ሲነሣ ታያለህ» አልሁት። ደወለ። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ግድግዳውም ሶኬቱም ደርቀው ነበርና ስልኩ ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ደጋግሞ ጮኸ። ማንም አላነሣውም፤ በራሱም አልተነሣም። ጸጋው ጥሪው በራሱ እስኪቋረጥ ድረስ ይዞት ቆመ። አባቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ስልኩን ያዩ ነበር። ደንግጬ ሶኬቱ ላይ ውኃ አፈሰስሁበት። በዚህ ጊዜ መስመሩ ጨርሶ ሞተ። ስልኩም አልጮኸ፣ አልተነሣም። ምን ያህል ውኃ እንደሚበቃው አላውቅም። ደጋግሜ በጨርቅ አደረቅሁት፣ ደግሞ አራስሁት፤ እንደ ነሐሴው ሊሆንልኝ አልቻለም።

ጸጋው እጄን ይዞ አስቆመኝ። «እታለም፣ ውኃ ሲገባበት ይሞታል፤ አየሁት። እኔ ስደውል ግን አልሞተም፤ ተነሥቷል» አለኝ። ለአባቴ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ጥሩሰው ያየውን እንዲመሰክር ብጠይቀው ፈቃደኛ ነው፤ ወንድሜ ግን እናንተ ያስጠናችሁትን ነው የሚናገረው ብሎ ሊያገኘው አልፈለገም። አባቴ ዛሬ አብረውኝ መጥተው ከጣቢያው ደጅ ተቀምጠዋል። ቃል እንዲሰጡ ብነግራቸው «አልሰማሁም ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?» አሉኝ። በመርማሪው ለተጠየቅሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ስልኩን ማንም አላነሣውም፤ አባቴ እጀታውን ሲይዙ መስመሩ በራሱ ተነሥቶ ነበር። ይህን የሚያረጋግጥልኝ በእጄ ያለ ማስረጃ የለኝም።

አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ወንድሜ ከእኔም ከአባቴም አፍ አልሰማ ብሏል። ይህ ቃል ማኅተም ካረፈበት በኋላ በፖሊስ አንደበት ቢነበብለት ምናልባት ያምን ይሆናል።

ከላይ የተጻፈው ቃል ተነቦልኝ አድምጫለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የገመትሁትን አልተናገርሁም፤ ሐሰት ተገኝቶበት ብጠየቅ ኃላፊነቱ የእኔ ነው።

የምስክር ፊርማ፦ እስከዳር የሽዋስ

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ቃላቸው ለግል ተበዳዩ እንዲነበብለት ጠይቀዋል። የአንዱ ምስክር ቃል ለሌላው ምስክር የማይነበብ መሆኑ ተነግሯቸዋል። ምስክሯ መልሱን ሰምተው ከፈረሙ በኋላ ጥያቄያቸው ከቃላቸው ላይ እንዳይሰረዝ ስላሳሰቡ እንዳለ ተትቷል።

ፊርማ፦ ም/ሳጅን መሳፍንት ይታያል