የሙሉጌጥ ጉትቻና ቀዩ መስታወት

ሀጂ አብዱልሃሚድ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ የልጅ ልጃቸውን ሩዋይዳን ፒያሳ ከሌላ ወርቅ ሠሪ ሱቅ ስትወጣ አገኟት። ፊዚክስ ተማሪዋ ለጥናቷ ቅንጣት ወርቅ ፍለጋ እንደምትዞር ሲሰሙ ከፋቸው። አርባ ዓመት ወርቅ ያነጠሩ ሰው የልጅ ልጅ የሰው ደጅ ትጥና? እጇን ይዘው ሱቃቸው አስገቧት።

«ፈርቼዎት ነው አባባ» አለች። «በሌዘር ጨረር የሚበተን ነው ብል አይሰጡኝም ብዬ።»

እውነቷን ነው። ሀጂ በየሳምንቱ የሱቃቸውን ጥራጊ አጥበው ብናኝ የሚለቅሙ ሰው ናቸው።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲባል ሰምቻለሁ» አሏት፤ «የእናንተው ግን ጠጠርም የለው።»

ሩዋይዳ በስስ ወርቅ የተቀባ ቁራጭ መስታወት ከቦርሳዋ አወጣች። ወደ ብርሃን ሲያዩት አንዱ ወገን ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ጨረር ያረፈበት ወገን ግን እንደ ጽጌረዳ ቀልቷል።

«መዳብ ገብቶበታል» አሉ ሀጂ ሳያመነቱ። «አታለውሻል ልጄ።»

«ከሰል ላይ ቁርጥራጭ ሲያቀልጡ ምን ይሆናል አባባ?»

«ተሰብስቦ ፍሬ ይሆናላ።»

«ይኸም እንደዚያው ነው። ጨረሩ ስሱን ወርቅ ለቅጽበት ያቀልጠዋል፤ እሱም ተሰብስቦ ዓይን የማያየው ፍሬ ይሆናል። ፍሬው እጅግ ሲያንስ መልኩ ይቀላል እንጂ ያው ወርቅ ነው።»

ሽማግሌው ከሰው ይልቅ አሲዳቸውን ያምናሉ። መዳብ ከሆነ ይበላዋል ብለው ጠብ አደረጉበት። ቀዩ እንደቀላ ቀረ። ማየት ማመን ነውና ድምፃቸው ለስልሶ ጥቅሙን ጠየቋት።

«የወባ መመርመሪያው ላይ የምትወጣው ቀይ መስመር የዚህ ዓይነት የወርቅ ፍሬ ናት» አለች። «ብዙ ጊዜ በኬሚካል ነው የሚሠሩት፤ በጨረር ሲሆን ግን የኬሚካል ዝቃጭ አይከተለውም። እዚሁ መሥራቱን እንልመድ ነው የምለው።»

ወባ። ባለቤታቸውን ሙሉጌጥን የነጠቃቸው እሱ ነው። ያኔ ሐይቅ አቅራቢያ ባለችው ቱላ ከተማ ሲኖሩ፣ ብርድ ነው ተብሎ የመድኃኒት ሥር ሲማስላት ሳምንት አለፈ፤ ሲታወቅ መሽቶባት ነበር። አንድ ጉትቻዋ ሐይቁ ውስጥ ወድቆባት እንደ ልጅ ያለቀሰችበት ቀን ትዝ አላቸው፤ ናፈቀቻቸው። ሁለተኛውን ሃያ ዓመት በመሐረብ ቋጥረው አኑረውታል።

መሳቢያውን ከፈቱ። ሩዋይዳ ጉትቻውን ስታይ ይሄንንስ አልነካም ብላ ለመነቻቸው፤ አልሰሟትም። የከሰሉ እሳት ላይ ሲያደርጉት ቅርጹን ለቆ ተሰብስቦ ፍሬ ሆነ። ሲበርድ መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«ለትዝታ ነበር ያስቀመጥኩት» አሉ። «በትዝታ ግን ማንም አልዳነም። ተማሪበት፤ ለሷ ያልደረሰው ለሌላ ሰው በጊዜ ይድረስ። በእሱ ከምትቀቢው መስታወት አንዷን ቁራጭ ብቻ ለእኔ አስቀሪልኝ።»