እባካችሁ እንዳታጨበጭቡ

ክቡራትና ክቡራን የጤና ጣቢያችን ባልደረቦቼ፣ ከተማችን መርሳ እንዲህ በተጨነቀችበት ሰሞን እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። አንድ ልመና አለኝ፤ ምንም ብናገር እንዳታጨበጭቡ። «ሲስተር ሂሩት በጡረታዋ ቀንም ትቆጣለች» በሉ፣ ግድ የለም።

በሩ አጠገብ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዓቢዳ ጋር የተቀመጡት አቶ ዓሪፍ ናቸው። በግራና ከተማ ነጋዴ ነበሩ። አምና የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ጭንቅላታቸውን መታቸው። ቁስሉ ድኗል፤ ግን የሰው ስም ይጠፋባቸዋል፣ ጫጫታ ሲሰሙ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል።

እንዲህ ያሉትን ቤት ለቤት መደገፍ የጀመሩት ወልድያ የሚማሩ ልጆች ናቸው። ያሰባሰበቻቸው ፈይሩዝ የምትባል ተማሪ ናት። መጀመሪያ ቀን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በሽተኛ ጥየቃ አይደል፣ እንደ አገራችን ወግ ግር ብለው ገቡ። ግማሹ «አላህ ያሽርዎ»፣ ግማሹ «እግዜር ይማርዎ»፣ ሁሉም እኩል። አቶ ዓሪፍ ጆሯቸውን ይዘው አልጋ ሥር ገቡ።

ወይዘሮ ዓቢዳ «አብሽሩ ልጆቼ፣ ምርቃታችሁን ወድጄዋለሁ፤ ብቻ አንድ አንድ እያላችሁ ግቡልኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ብቻ ይገባል። መጀመሪያ ስሙን ይናገራል፣ ቀስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፣ መልሳቸውን ይጠብቃል። በኋላ አንድ ሐሙስ ፈይሩዝ ገና ከበር ስትገባ፣ «አንቺ ፈይሩዝ ነሽ» አሏት። እኔ ያን ቀን አለቀስኩ።

አሁን በቆቦ በኩል ውጊያው ዳግም ተነሣ። ተማሪዎቹን ወላጆቻቸው ጠርተው ወሰዷቸው። ፈይሩዝ ልትሄድ ስትል፣ «ሲስተር፣ ከእንግዲህ ማን ይገባላቸዋል?» አለችኝ። እኔም ነገ ልጄ ወደ ደሴ ይወስደኛል። ምን ልበላት?

እኛም እንበተን ይሆናል፤ ፈርቻለሁ፣ አልዋሻችሁም። መንገዱ በሰው ጩኸት ሲሞላ የአቶ ዓሪፍን እጅ ማን ይይዛል? ወይዘሮ ዓቢዳ ብቻቸውን አይችሉም። እኔ አለሁ የሚል ድምፁን ሳያሰማ እጁን ያንሳ።

ዓለምነህ? አንተ ነህ እጅህን ያነሣኸው? ድምፅህ ከዚህ እስከ ሐራ ይሰማል እኮ! ይሁን፣ ዝቅ ታደርገዋለህ። ቀስ ብለህ ወደ እሳቸው ሂድ። ስምህን አስቀድም።

እናንተን ከክፉ ይሰውራችሁ። የሄዱትን ልጆች ወደ ትምህርታቸው ይመልስልን። ለሁላችን ሰላሙን ያምጣልን፣ ተርፈን ለመገናኘት ያብቃን።

አሁን ጸጥ በሉ። ዓለምነህ ስሙን እየነገራቸው ነው።