ስለ አረንጓዴዋ መኪና ሁለት የግምት ወረቀቶች

የምስክር ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ በሥራ አካባቢ "እትዬ ሚዛን" (ሙሉ ስም በመታወቂያ ቅጂው ተያይዟል)
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ ያገለገሉ መኪናዎች ዋጋ ገማች
አድራሻ፦ ከጎማ ጥገናው በላይ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ሰማያዊው በር
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ዝምድና፦ አክስት፣ የእናቱ ታላቅ እህት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20
ቃሉን የተቀበለው፦ የምርመራ ክፍል ረዳት ሳጅን

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ተጠርጣሪው የታናሽ እህቴ ልጅ መሆኑን አስቀድሜ አስመዝግቤ፣ ዝምድናው ቃሌን ያጣምመው እንደሆነ ተጠይቄ እንደማያጣምመው ከመለስኩ በኋላ፣ የማውቀውን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ።

ሥራዬ ያገለገሉ የስፖርት መኪናዎችን ዋጋ መገመት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ከዚያ በፊት በአንድ ጋራዥ ቀለም ቀቢ ነበርኩ፤ በቀለም ክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። የመኪና በር በጥፍሬ አንኳኩቼ "ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ" ስል የሚስቁብኝ ነበሩ። አሁን እነሱም ያንኳኳሉ። በሰጠሁት ግምት ሻጭና ገዢ ተካሰው ሦስት ጊዜ ፍርድ ቤት ተጠርቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ግምቴ ጸንቷል። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል። እመካበታለሁ።

ተጠርጣሪው የ39 ዓመት ሰው ሲሆን በገበያው "ፈጣኑ" ይባላል። እናቱ ስትሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለነበር እኔ ቤት አድጓል፤ ሙያውንም ከእኔ ተምሯል። ዛሬ ከአደባባዩ ጀርባ ያገለገሉ የስፖርት መኪናዎች የሚሸጥበት የራሱ ግቢ አለው። ወደዚያ የሚገቡትን መኪናዎች የምገምትለት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ደውሎ አንዲት መኪና እንዳይለት ጠየቀኝ፤ ሄድኩ። መኪናዋ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከተሠራች ሃያ ስምንት ዓመት የሆናት የስፖርት መኪና ናት። ባለቤቷ ማን እንደሆነ ስጠይቀው "ውጭ አገር ያለ ሰው ነው፣ ወኪሉ እኔ ነኝ" አለኝ። የውክልናውን ወረቀት አሳየኝ ብዬው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የእህቴ ልጅ ነውና አላልኩትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ እንዲጻፍልኝም ጠይቄአለሁ።

መኪናዋን ለሁለት ሰዓት ተኩል መረመርኩ። በቀለም ውፍረት መለኪያ አሥራ ስድስት ቦታ ለካሁ፤ ቀለሟ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ነው፣ የተነካ ቦታ የለውም። የሞተሩ ቁጥር ፋብሪካው በአካሏ ላይ በለጠፈው የብረት መለያ ላይ ከመታው ቁጥር ጋር አንድ ነው። ሻንሲዋ ብየዳ አያውቅም። ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አገኘሁ። በሃያ ስምንት ዓመት የተደረገላት ጥገና ሁሉ፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ሳይቀር፣ በአንድ ሰው እጅ ተጽፎበታል። ፊደሉ ለኅትመት የተዘጋጀ እንጂ በእጅ የተጻፈ አይመስልም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ደብተር ገጥሞኝ ስለማያውቅ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ያረጀች መኪና እንዴት ውድ ልትሆን ትችላለች ተብዬ በመርማሪው ለተጠየቅሁት የሰጠሁት መልስ የሚከተለው ነው። አዲስ የስፖርት መኪና ከመሸጫው በር በወጣበት ቀን ዋጋው መውረድ ይጀምራል። በሦስት በአራት ዓመት ግማሹን የሚያጣው ብዙ ነው፤ ባለ ሁለት ወንበር መኪና የሚመኝ ሰው ሞልቷል፣ የሚገዛው ግን ልጆቹን የት እንደሚያስቀምጥ ሲያስብ ሐሳቡን ይለውጣል። ጥገናውም ኪስ ያራቁታል። ሃያ ዓመት አካባቢ ሲደርስ ግን መውረዱ ይቆማል፤ አብዛኞቹ እዚያው ተኝተው ይቀራሉ፣ ጥቂቶቹ እንደገና መውጣት ይጀምራሉ። የሚወጡት በቁጥር ጥቂት የተሠሩት፣ ሞተራቸውና ቀለማቸው ያልተለወጠው፣ ታሪካቸው በጽሑፍ የተያዘው ናቸው። ይህችኛዋ ሦስቱንም አሟልታለች። ስለዚህ አዲስ ስትገዛ ከነበራት ዋጋ በእጥፍ ገመትኳት፤ ደብተሩም ዋጋዋን ከፍ እንዳደረገው ጨምሬ ጻፍኩ። የግምት ወረቀት የምጽፈው በእጄ ነው፤ ቅጂው በካርቦን ከሥር ጥራዙ ላይ ይቀራል። ዋናውን ለተጠርጣሪው ሰጥቼ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ።

ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አንዲት ረጅም፣ ግራጫ ሹራብ የለበሱ፣ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ ሴት ቢሮዬ መጡ። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ጡረታ የወጡ የካርታ ነዳፊ መሆናቸውን፣ የጥርስ ሐኪም የነበሩት ባለቤታቸው ከሞቱ ስምንት ወር እንደሆናቸው ነገሩኝ። ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

"ስለ ዋጋው ልከራከር አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ የተጋጨችው በየትኛው ዓመት ነው? ይታወቃል?" አሉኝ።

ወረቀቱን አነበብኩት። ስለ አረንጓዴዋ መኪና የተጻፈ ነው። ከባድ ግጭት ደርሶባት ሻንሲዋ እንደተበየደ፣ ሞተሯ እንደተለወጠ፣ ሙሉ በሙሉ እንደገና እንደተቀባች፣ ለመለዋወጫ ካልሆነ እንደማትሸጥ ይገልጻል። ከግርጌው የእኔ ማኅተምና ፊርማ አለበት። በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፤ እኔ ደግሞ በኮምፒውተር ግምት ጽፌ አላውቅም።

ወረቀቱን መልሼ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ። ሴትየዋ ይህን በሌላ ተረድተውት ኖሮ ንግግራቸውን ቀጠሉ። መኪናዋን ከባለቤታቸው ጋር አዲሷን እንደገዟት፣ ተጋጭታ ከሆነ ባለቤታቸው ደብቀዋቸዋል ማለት እንደሆነ፣ አንድ ዓመት ለካርታ ሥራ አራት ወር ርቀው ስለነበር ያኔ ይሆናል ብለው እንደሚጠረጥሩ ነገሩኝ። "እንዲያስገምትልኝ መኪናዋን ግቢው የተውኩለት ሻጭ ረቡዕ ይህን ወረቀት አሳይቶኝ የሽያጭ ውሉን ፈረምኩለት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔ እኮ ያ ሰው ከእኔ የሚደብቀው ከረሜላ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የጥርስ ሐኪም ሆኖ" አሉ። ለመሳቅ ሞክረው አልሆነላቸውም።

ጥራዙን ከመሳቢያ አውጥቼ የሰኞውን ቅጂ ፊታቸው ዘረጋሁት። "እመቤቴ፣ የእኔ ቃል ይኼ ነው። መኪናዎ ተጋጭታ አታውቅም። ያመጡት ወረቀት የእኔ አይደለም" አልኳቸው። በጣታቸው እየተከተሉ መስመር በመስመር አነበቡት። ስለ ደብተሩ የጻፍኩት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። "ደብተሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። እሱ ይነዳል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዴም እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ይተኛል" አሉኝ። ተነሥቼ እጃቸውን ጨበጥኩ። ሰኞ ዕለት ያን ደብተር የጻፈውን ሰው ባገኘው ብዬ ተመኝቼ ነበርና።

ታክሲ ይዘን አብረን ወደ ተጠርጣሪው ግቢ ሄድን። የደረስነው ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። መኪናዋ በር ላይ በቆመ ረጅም የጭነት መኪና ላይ ልትጫን በሰንሰለት እየተጠፈረች ነበር። አጠገቧ አሮጌ የስፖርት መኪናዎች የሚሰበስብ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ነጋዴ ቆሟል። ተጠርጣሪው ሁለታችንን አንድ ላይ ሲያየን ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቶሎ ብሎ ግን ወንበር አምጡላቸው አለ። እኔ ነጋዴውን ምን አይቶ እንደገዛት ጠየቅሁት። ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። በእጄ የጻፍኩት የሰኞው ግምት ነው። በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ያለው የግምት ወረቀት መለያ ቁጥርና ቀን አንድ ነው። ሴትየዋ መኪናዋን የሸጡት በሐሰተኛው፣ ነጋዴው የገዛት በእውነተኛው ነው።

ተጠርጣሪው ወደ ጎን ስቦኝ "እትዬ፣ ገበያ እኮ ነው። ሴትየዋ ምን ያደርጉባታል? ግቢያቸው ቆማ ልትዝግ ነው። የአንቺንም ድርሻ አስቤ ነበር" አለኝ። መለኪያዬን አወጣሁና በተሰበሰበው ሰው ፊት ኮፈኗን፣ በሮቿን፣ ፓራፋንጎዋን እንደገና ለካሁ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነጋዴው ከወረቀቱ ጋር እንዲያመሳክር አደረግሁ። አንድም አልዛነፈም።

በዚህ መካከል ሴትየዋ ከመኪናዋ ውስጥ ደብተሩን አውጥተው አንድ ገጽ ከፍተው ቆመው ነበር። የራቁበትን አራት ወር ፈልገው ማግኘታቸው ነው። በዚያ ጊዜ የተጻፈ ነገር የለም፤ ከመሄዳቸው በፊት የቆጣሪው የመጨረሻ ንባብ 23,408 ኪሎ ሜትር፣ በተመለሱ ማግስት የጻፉት ደግሞ 23,419 ነው። "በአራት ወር አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር" አሉኝ። ይህችን ያህል ብቻ የት ሄደው ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው። ደብተሩን ዘግተው "ከቤታችን ባቡር ጣቢያ ደርሶ መልስ አምስት ተኩል ነው። አንዴ ሊሸኘኝ፣ አንዴ ሊቀበለኝ። እኔ በሌለሁበት ጭራሽ አልነካትም" አሉ። ከዚያ በኋላ በመኪናዋ ጣሪያ ላይ ክንዳቸውን ደግፈው አለቀሱ። ነጋዴው ኮፍያውን አወለቀ።

ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ሰዓቱም 6 ሰዓት ከ25 ነው። ፖሊሶቹ እስኪመጡ ተጠርጣሪው አጠገቤ መጥቶ "እትዬ፣ አሳድገሽ ልታሳስሪኝ ነው?" አለኝ። "ሰውየው ሞቶ ስሙን ማጥፋትህ አያሳፍርህም? እሳቸው ከረቡዕ ጀምሮ ባላቸውን ሲጠረጥሩ ነው የከረሙት። ይህን ከእኔ ቤት አልተማርክም" አልኩት። አንገቱን ደፋ። ልጅ ሳለ ሲያጠፋ እንደሚያደርገው ነው የደፋው፤ እኔ ግን መልሼ ደውዬ ፖሊሶቹን አትምጡ አላልኩም። ሁለቱን ወረቀቶችና የሽያጭ ውሉን ፖሊስ በዝርዝር ተረክቧል። ነጋዴውም ግዢው እንዲፈርስ እዚያው ተስማምቷል።

ፊርማዬንና ማኅተሜን አስመስሎ መሥራቱን በተመለከተ ክሱ እንዲቀጥል እፈልግ እንደሆነ ተጠይቄ፣ እንዲቀጥል እፈልጋለሁ ብያለሁ። ጠበቃ ግን እኔ አቆምለታለሁ፤ ልጄ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ባለቤቱን በአካል ሳላገኝ መኪና አልገምትም።

የመኪናዋ የዛሬ ዋጋ ስንት እንደሆነ በመጨረሻ ተጠይቄአለሁ። ፖሊስ ፎቶግራፍ አንስቶ ከጨረሰና በኃላፊነት ካስፈረማቸው በኋላ ትናንት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሴትየዋ ራሳቸው መሪዋን ጨብጠው ከግቢው አውጥተዋታል። እኔንም በጎናቸው አስቀምጠው ቤቴ ድረስ አድርሰውኛል፤ ማርሽ አቀያየራቸው እንከን አይወጣለትም። ስለ ዋጋው የምሰጠው መልስ የለኝም። ለሽያጭ ያልቀረበ መኪና አልገምትም።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ነው። ረዳት ሳጅኑ ካነበበልኝ በኋላ መነጽሬን አድርጌ ራሴ ደግሜ አንብቤው፣ ሁለት ቦታ ላይ የኪሎ ሜትሩን አሃዝ አሳርሜ፣ በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የሠራሁትን ብቻ የያዘ እውነተኛ ቃል መሆኑን አምኜ በየገጹ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ______________

ቃሉን የተቀበለው ረዳት ሳጅን ፊርማ ______________

ቃሉ ሲነበብ የነበረ እማኝ ፊርማ ______________