እምም የሚሉት ስፒከሮች

ስፒከሮቼን ከአቅሜ በላይ አውጥቼ ነው የገዛኋቸው። ታዲያ ሙዚቃ ሳልከፍት እንኳ እምም ይሉብኛል። ስታቢላይዘር ገዛሁ፣ ገመድ ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አንድ ኤሌክትሪሺያን የሚረብሸው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይውረድ ብሎ ጓሮዬ ውስጥ የመዳብ ዘንግ ቀበረና ከቤቱ መስመር ጋር በአረንጓዴ ሽቦ አገናኘው፤ ግራውንድ ይሉታል። ጸጥ አለ። አንድ ሳምንት እንደ ሰው ሙዚቃ ሰማሁ።

እናቴ ከቱላ ልትጠይቀኝ በመጣች ማግስት ያ ድምፅ ተመለሰ። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ሁሉንም ፈታሁ፣ ገጠምኩ፤ ለውጥ የለም። ወገቤ ቁርጥ ሲል ጓሮ ወጣሁ። አረንጓዴው ሽቦ ከዘንጉ ተፈትቶ እስከ አቮካዶው ዛፍ ተወጥሯል። ሸሚዞቼ ታጥበው ተሰጥተውበታል።

«እማዬ፣ ሽቦውን ለምን ፈታሽው?»

«ሥራ ፈትቶ መሬት ላይ ተጋድሞ አገኘሁታ! ምን ያደርግልህ ነበር?»

ግራውንድ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጉልበቱ አልነበረኝም። «ዝምታ ፈልጌ ነው» አልኳት።

የሸሚዜን እጅጌ ደርቆ እንደሆነ ዳበሰች።

«ዝምታማ ቱላ እኔ ቤት ሞልቷል» አለችኝ፤ «አንተ አትመጣም እንጂ።»