የእትዬ መስኮት ማስመሪያ

ጎበዝ፣ አንዴ ጸጥ በሉልኝ! ጋሼ ፎርማን፣ ኬኩ እግር የለውም፣ የትም አይሄድም፤ ይቀመጡ።

የእትዬ መስኮትን የጡረታ ሽኝት ንግግር አንተ አድርግ የተባልኩት ወሬ ስለማበዛ ነው አሉ። እውነት ነው። ሥራዬ ወረቀት መቁረጥ ነው፤ ወሬ መቁረጥ ግን አልተማርኩም። እንግዲህ ቻሉኝ።

እትዬ መስኮት ወደዚህ ጥረዛ ክፍላችን የገባችው የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ስምንት ወንዶች፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፤ እሱም ዝግ። ስምንታችንም እያጨስን መጽሐፍ እንጠርዛለን። በሩን ከፈት አድርጋ ብታይ ጭስ ብቻ። ውስጥ ሰው መኖሩን ያወቀችው በሳላችን ነው። "እሳት! እሳት!" ብላ ጮኸች። እኛም ደንግጠን "የት?" እያልን ተነሳን። እሷ መልስ አልጠበቀችም፤ በሩ ሥር ያለውን ባልዲ አንስታ ጭሱ ወደ በዛበት ደፋችው። ውሃ መስሏት ነው እንጂ የጥረዛ ሙጫ ነበር። ጭሱ የበዛበት ቦታ ደግሞ ጋሼ ፎርማን ነበሩ።

ጋሼ፣ ዛሬ ይስቃሉ፤ ያን ቀን አልሳቁም። ሊስቁም አይችሉም፤ ጢማቸው ከነሲጋራው ተጣብቋል። በግማሽ አፋቸው "ማን ናት ይቺ?" አሉ።

"አዲሷ ጠራዥ ነኝ።"

"በእኔ ጀመርሽ ማለት ነው" አሉ።

በማግስቱ መስኮቱን ከፈተችው። መስኮታችንን ታውቁታላችሁ፤ መደገፊያው የተሰበረ፣ ሲለቁት ጧ ብሎ የሚዘጋ። የብረት ማስመሪያዋን አምጥታ ደገፈችው። "ኧረ ብርድ ገባ!" ብለን ተንጫጫን። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባል የለ? አጫሾቹ እኛ፣ ከሳሾቹም እኛ! እሷ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ማስመሪያውን እንነቅላለን፤ ተመልሳ ትተክላለች። ስሟም በዚያው "እትዬ መስኮት" ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን ይብሳት ብዬ ማስመሪያውን ወረቀት ክምር መሃል ደበቅኩት። ከምሳ በኋላ ረሳሁትና ያንኑ ክምር ማሽኔ ውስጥ ከተትኩት። ቢላዬ ለሁለት ተሰበረ። ማስመሪያው ጫፉ ላይ ትንሽ ተጎረደ እንጂ ደህና ነው። እሷም ከወለሉ አነሳችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ መስኮቱን ደገፈችበት። ቀጥላ ምን አለች? "ለቢላህ አዝናለሁ።"

ባለቤቷ እዚህ አሉ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን ሳልናገር አላድርም። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ወር እኚህ ሰው ኮስተር ብለው መጡ። "አንድ ነገር በሐቅ ንገሩኝ። ባለቤቴ በድብቅ ታጨሳለች?" አሉን። ሻርፗ፣ ጸጉሯ፣ የምሳ ዕቃዋ ሳይቀር ሲጋራ ሲጋራ ይሸታቸው ኖሯል። ስምንታችንም ሲጋራችንን በእጃችን እንደያዝን በአንድ ድምፅ "እሷ? ኧረ በጭራሽ! ጭስ የሚባል ነገር አትወድም!" አልን። የሰው ትዳር ስላዳንን ደስ አለን፤ እሳቸውን ሸኝተን አንድ አንድ ለኮስን።

ውይ ሞት ይርሳኝ፣ የማስታወቂያውን ነገር! የዛሬ ዓመት ተኩል ገደማ አንድ መሥሪያ ቤት "እዚህ ማጨስ ክልክል ነው" የሚል አንድ ሺህ ማስታወቂያ አዘዘን። እዚሁ ቆረጥን፣ እዚሁ አሸግን፤ ሥራው አስቸኳይ ስለነበረ ከወትሮው የበለጠ አጨስን። አስረከብን። በማግስቱ ያዘዙት ወይዘሮ ዕቃውን በሙሉ ጭነው መለሱልን። አንዱን እሽግ ፈተው ጋሼ ፎርማን አፍንጫ ሥር ያዙት። "ያሽትቱት!"

ጋሼ አሸተቱ፤ ደገሙት። "እኔ ምንም አይሸተኝም።"

"እንዴት ይሸትዎታል? ሽታው እርስዎ ነዎት!"

ጉዳችን ፈላ። ያዳነችን ማን ናት? እሷው ናት። ግቢው ውስጥ ከክፍላችን በር እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ገመድ ዘረጋች፤ ወረቀቱን በየተራ በልብስ መቆንጠጫ እየሰቀለች ሁለት ቀን አናፈሰችው። ሽንት ቤት ለመሄድ መቶ ጊዜ "ማጨስ ክልክል ነው" የሚል እያነበብን ነበር የምናልፈው። እኛ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ! ጋሼ እዚያው ገመዱ ሥር ቆመው ለኮሱ።

እትዬ መቆንጠጫ በአፏ እንደያዘች ዞር ብላ አየቻቸው። አወጣችውና፣ "ጋሼ፣ ወረቀቱስ በሁለት ቀን ይናፈሳል። እኔን ማን ያናፍሰኛል?" አለች።

ሳቅን። እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅኩ።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ሳምንት፣ መጽሐፍ ስትሰፋ ሳል ያዛት። ከዚህ በፊትም ትስል ነበር፤ ያን ቀን ግን አልለቅ አላት፣ መርፌው ጣቷ ውስጥ ገባ፣ ከንፈሯ ጠቆረ። በሞተር ሳይክሌ አፈናጥጬ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ ራጅ አስነሳ፣ ራጁን ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ አየው። "በቀን ስንት ታጨሻለሽ?" አላት።

"እኔ አላጨስም። ስምንት ሰው ያጨስልኛል።"

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ የሸሚዝ ኪሴን አየ፤ ፓኮው ብቅ ብሏል። "ከስምንቱ አንዱ አንተ ነህ?" አለኝ። እኔ፣ ወሬ መቁረጥ የማልችለው ሰውዬ፣ ምላሴ ተያዘ። "ከጭስ መራቅ አለብሽ" አላት። "የት ልራቅ? ለጡረታዬ ዓመት ተኩል ቀርቶኛል" አለችው።

ተመልሼ ለሁሉም ነገርኳቸው። ጋሼ ፎርማን መተርኮሻ ያደረግናትን የቀለም ቆርቆሮ አንስተው ከወረቀት መጋዘኑ ጀርባ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ይዘዋት ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍላችን ውስጥ ክብሪት የጫረ የለም። ዝናብ ሲመጣ አምስት ጎልማሳ በአንዲት ጃንጥላ ሥር ተጠጋግቶ ሲያጨስ አይታችኋል። ሦስታችን አቆምን። እኔ፣ ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅምና፣ አራት ጊዜ አቁሜ አራት ጊዜ ጀምሬያለሁ። በአምስተኛው ግን ይኸው ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ጋሼም ዛሬ ከረሜላ እየበሉ ነው የመጡት፤ ሸትቶኛል።

እትዬ፣ አሁን ላንቺ ነው የምናገረው። ልጄ የተወለደች ጊዜ "ልጅህን ከማቀፍህ በፊት ሸሚዝህን ቀይር" ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እሺ ብዬ ቀየርኩ፤ ሁሌም ቀየርኩ። ለልጄ ሸሚዝ ስቀይር፣ ላንቺ ግን መስኮት እንኳ ከፍቼ አላውቅም። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ለኃላፊ ከሰሽን አታውቂም። ያስተማርሽኝ ስፌት አሁንም እጄ ላይ አለ። የቤትሽን ደረጃ ሁለቴ አርፈሽ እንደምትወጪ አውቃለሁ፤ ያንን የምንመልስበት መላ የለንም። ይቅር በይን። እናመሰግንሻለን፤ በጣም ነው የምንወድሽ።

ስጦታሽ ይቺ ናት። አዎ፣ ማስመሪያሽ፤ ጉርዷም እንዳለች ናት። ትናንት የመስኮቱን መደገፊያ ራሳችን ሠራነው፤ ከእንግዲህ ብቻውን ይቆማል።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጋሼ፣ ኬኩን ያስቀምጡ! ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የልጅ ልጆችሽን አቅፈሽ የምትስቂበት ሰፊ ትንፋሽ ይስጥሽ። ግን ማንም እንዳይጠጣ! መጀመሪያ እትዬ መስኮት ቀስ ብላ፣ ደረቷ እስኪሞላ፣ አንድ ጊዜ ትተንፍስ። እኛ እንጠብቃታለን፤ እሷ ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቃናለች።

በይ እትዬ፣ አይዞሽ፤ መስኮቱ ክፍት ነው።